ከመጠለያው ስር ያለ ደብር፦ የላሊበላ ጣራና የምእመኑ ጉዳይ

ላሊበላን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በፎቶ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ በመስቀል ቅርጹ፣ ከላይ ሲታይ፣ ዙሪያው ቀይ ድንጋይ። ፎቶው ውሸት የለበትም። ግን ከቤተ ጊዮርጊስ ተነስታችሁ ወደ ቤተ መድኃኔዓለም ስትሄዱ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ በግዙፍ የብረት ምሰሶዎች የተያዘ ነጭ ጣራ ቆሟል። ቤተ ማርያም ላይም አለ። ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ላይም እንዲሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩቅ የሚያየው ሰው የነዳጅ ማደያ ይመስለዋል።

እዚህ የምጽፈው ስለዚህ ጣራ ነው፤ በተለይ ደግሞ ከስሩ ስለሚጸልየው ሰው። ስለ መጠለያው ብዙ ተብሏል፣ አብዛኛው ግን ስለ ድንጋዩ ነው። ስንጥቁ፣ ውሃው፣ የብረቱ ክብደት። ድንጋዩ እኔንም ያሳስበኛል። ነገር ግን ላሊበላ ሙዚየም አይደለም፣ ደብር ነው። ቄስና ዲያቆን አለው፣ ሰበካ ጉባኤ አለው፣ ሌሊት ሰዓታት የሚቆም፣ ማለዳ ኪዳን የሚያደርስ፣ ልጁን ክርስትና የሚያስነሳ፣ ሟቹን በፍትሐት የሚሸኝ ሰው አለው። ጣራው ሲታሰብ ወደ ጎን የተገፋው ይሄ ነው ባይ ነኝ። በኋላ የመጣው ጣጣም፣ ሁሉም ባይሆን አብዛኛው፣ ከዚሁ ነው የተመዘዘው።

ደብሩ እንዴት ነው የሚውል የሚያድረው?

ለማያውቀው ሰው ትንሽ ላስረዳ። አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው። ትውፊቱ እንደሚለው ያሠራቸው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ቅዱስ ላሊበላ ነው። ከተማዋ ያኔ ሮሃ ነበር ስሟ፣ በኋላ በንጉሡ ተጠራች። አብያተ ክርስቲያናቱ በሁለት ወገን ተሰባስበው በመካከላቸው ዮርዳኖስ የሚባለው ወንዝ ያልፋል፣ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ፈንጠር ብሎ ነው። ዮርዳኖስ፣ ጎልጎታ፣ ቤተ ልሔም፣ የአዳም መቃብር፤ ስሞቹ ሁሉ የኢየሩሳሌምን ምድር የሚያስታውሱ ናቸው። ኢየሩሳሌም መሄድ ላልቻለ ገበሬ ላሊበላን መሳለም ያንኑ ያህል ነው። ከብዙ ቀን የእግር ጉዞ በኋላ ያችን ከተማ ከጋራው ጫፍ ሲያያት በጉልበቱ የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ቤተ መድኃኔዓለም ትልቁ ነው። ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 11 ሜትር ገደማ። እንዲህ ሆኖም ውስጡ ብዙ ሰው አይዝም። ምሰሶው ብዙ ነው፣ መቅደሱ ቦታ ይይዛል፣ ካህናቱ ማኅሌት ሲቆሙ ደግሞ የቀረውን እነሱ ይሞሉታል። ሌሎቹማ ከዚህም ያንሳሉ። ስለዚህ በበዓል ቀን ውስጥ ገብቶ የሚያስቀድሰው ጥቂቱ ነው። የቀረው ግቢው ላይ፣ የዓለቱ ጫፍ ላይ፣ ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ነው። ይህን ነገር አደራ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ላሊበላ ላይ ምእመኑ ቤተ ክርስቲያን ሄደ ሲባል በአብዛኛው ግቢው ላይ ቆመ ማለት ነው።

ወርኃዊ በዓላቱን ደግሞ ቁጠሩ። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ25 መርቆሬዎስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ28 አማኑኤል። ሁሉም በዚያች ከተማ በስማቸው የተፈለፈለ ቤት አላቸው። ከወሩ አጋማሽ በኋላ ደብሩ አረፍ የሚልበት ቀን የለውም ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ ሰንበት አለ። ጾም ሲገባ ቅዳሴው ወደ ከሰዓት ይዞራል፣ ሱባዔ የያዘው ሰው ከግቢው አይወጣም። ዝክር ያለበት እንጀራውንና ጠላውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ካህኑ ይባርካል፣ የሰንበቴው ማኅበርተኛ ይቀምሳል፣ የቆሎ ተማሪውም ደሀውም ከዚያው ይቋደሳል። የአብነት ተማሪዎቹ ጥግ ይዘው ዜማ ይቀጽላሉ። ቱሪስቱ በዚህ ሁሉ መሀል ካሜራውን ይዞ ያልፋል፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ።

እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሥርዓት አለው። ቤተ ማርያም ውስጥ ዓምደ ብርሃን የሚባለው ምሰሶ በጨርቅ እንደተሸፈነ ነው፣ ማንም አይገልጠውም። ግቢው ላይ ያለውን ኩሬ ልጅ የናፈቃቸው ሴቶች በገና ይጠመቁበታል፣ በገመድ ታስረው ነው የሚወርዱት። ቤተ ጎልጎታ ሴት አትገባም፣ ከደጅ ትሳለማለች። አፍሮ አይገባ የሚባለው የቅዱስ ላሊበላ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ተገኝቶ ተመልሷል። ዛሬም ካህኑ ሕመምተኛውን ያሻሽበታል። ይህን መስቀል የሥነ ጥበብ ሰው መስታወት ውስጥ ቢያስቀምጠው ደስ ይለው ይሆናል። ደብሩ ግን ይባርክበታል። በዚህ በኩል ክርክሩ ከጣራው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ገና

ገና በላሊበላ ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ላይ ይውላል። ለላሊበላ ሰው በዓሉ ድርብ ነው፣ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላም ልደት በዚሁ ቀን ይከበራልና። ከሳምንት በፊት ጀምሮ መንገዱ ይነጣል፤ ነጠላና ጋቢ፣ በትርና መቋሚያ፣ ከላስታ ገጠር፣ ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ። ገሚሱ በወልድያ በጋሸና በኩል በመኪና ይመጣል። ገሚሱ በእግሩ ነው፣ ስንቁ በሶና ዳቦ ቆሎ። አሮጊቶች አሉ፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች አሉ፣ በሌላ ሰው ትከሻ የሚመሩ ዓይነ ሥውራን አሉ።

ከተማው ይህን ሁሉ ሰው እንዴት እንደሚቀበል ያላየ ሰው ለማመን ይቸገራል። የከተማው ወጣት መንገድ ዳር ሳፋና ውሃ ይዞ ይቆምና የመጣውን እንግዳ እግር ያጥባል። አቧራውን ያጥብና ይስማል። እግሩ የታጠበው አባት ወይም እናት ይመርቃሉ፣ አጣቢው ጎንበስ እንዳለ አሜን ይላል። ማኅበራት ድንኳን ተክለው ንፍሮና እንጀራ ያቀርባሉ፣ ክፍያ ብሎ ነገር የለም። ባለቤቷ በሯን ከፍታ የማታውቀውን ሰው ታስገባለች። የእግዜር እንግዳ ነው፣ አለቀ። ወሎ እንግዳ መቀበል ያውቅበታል ይባላል፣ ላስታ ደግሞ በገና ጊዜ ያንን ለመላ አገሩ ያደርገዋል። የቀረው ሕዝብ ዓለቱ ላይ፣ ዛፍ ስር፣ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል።

ሌሊቱን ማኅሌት ነው። ሊነጋጋ ሲል ቤዛ ኩሉ ይመጣል። ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ ቤተ ማርያምን የከበበው ዓለት ጫፍ ላይ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው፣ ይሰለፋሉ። ገሚሱ ታች ግቢው ውስጥ ይቆማሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» እያሉ እየተቀባበሉ በጸናጽልና በከበሮ ይወርባሉ፣ እልልታው ከጋራ ጋራ ይመልሳል። የዝማሬው ሥርዓት ራሱ የተቀመረው ለላይና ለታች ነው። ሰማይና ምድር በልደቱ ተገናኙ የሚለውን ምሥጢር ሰው በዓይኑ እንዲያየው።

አሁን ጣራውን አስቡት። በላይና በታች መካከል፣ ከቤተ ማርያም አናት ላይ፣ ነጭ ሸራና ብረት። ዝማሬው አልቆመም፣ አይቆምምም። ግን ያንን ቦታ ለዝማሬ እንደሚያገለግል አድርጎ ያሰበ ሰው እዚያ ላይ ያንን አይተክልም ነበር።

ጣራው እንዴት መጣ?

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጣራውን ያመጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ችግሩ እውነተኛ ነበር። ዓለቱ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ውሃ የሚጠጣ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ለመፈልፈል የተመቸውም ለዚሁ ነው፣ ዛሬ የሚጎዳውም በዚሁ ነው። ክረምት ሲዘንብ ውሃው በጣሪያው ስንጥቅ ይገባል፣ በጋ ሲመጣ ይደርቃል፣ እንዲህ እያበጠና እየተኮማተረ ድንጋዩ ይላጣል። ከውስጥ ሥዕሉን ያበላሻል። ካህናቱ ክረምት ላይ ውሃ በሚያንጠባጥብ ጣሪያ ስር ቀድሰዋል።

ጥገናውም አዲስ ነገር አልነበረም። ቀደም ሲል ሬንጅና ቀይ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። በፈረንጆች 1960ዎቹ ውስጥ ሳንድሮ አንጀሊኒ የሚባል ጣሊያናዊ አርክቴክት ያንን አስነስቶ፣ ፍሳሹን አስተካክሎ፣ የወደቀውን ጠግኗል። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በፈረንጆች 1978፣ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግባቸው ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መካከል ነበሩ፣ ከሰሜን ተራሮች ጋር። ቀጥሎ ደግሞ የእንጨት ርብራብና የቆርቆሮ ከለላ መጣ። እሱ የባሰ አስቀያሚ ነበር፣ የዚያን ጊዜ ፎቶ ያየ ያውቀዋል። ያንን የሚተካ የተሻለ መጠለያ ይሠራ ተባለ። ዓለም አቀፍ የንድፍ ውድድር ተደረገ፣ የጣሊያን ንድፍ አሸነፈ፣ የአውሮፓ ኅብረት ገንዘቡን ሰጠ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሥራው አለቀ። አራት መጠለያ፣ አምስት አብያተ ክርስቲያናት፦ መድኃኔዓለም፣ ማርያምና መስቀል አንድ ላይ፣ አማኑኤል፣ አባ ሊባኖስ።

ጊዜያዊ ነው ተባለ። በኛ አገር ጊዜያዊ የተባለ ነገር ምን ያህል እንደሚቆይ አንባቢ ያውቀዋል። እነዚህ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ምን ጠቀመ፣ ምን ጎዳ?

መጥቀሙን ጠቅሟል። ዝናቡን አስቀርቷል፣ ይህን የሚክድ ካለ ክረምት ላይ ሄዶ ይይ። ግቢው ላይ የሚያስቀድሰውም ሰው ከፀሐይና ከዶፍ ተርፏል። ጣራው ለድንጋዩ ታስቦ ለምእመኑም የጠቀመው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ጉዳቱ ግን በብዙ በኩል ነው። የብረት ምሰሶዎቹ የቆሙት በዚያው ዓለት ላይ ነው። ዓለቱ ደግሞ ድፍን አይደለም፣ ስሩ ዋሻና መተላለፊያ ነው፣ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው በጨለማ የሚያስኬድ። ያን የሚያህል ብረት ባዶ ዓለት ላይ ማቆም ያስፈራል፣ ለዚህ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ሁለተኛው ፍርሃት ንፋስ ነው። የተወጠረ ሸራ ንፋስ ይይዛል፣ ላስታ ደግሞ ደጋ ነው፣ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ንፋሱ ቀልድ አያውቅም። አንድ ቀን ቢወድቅ የሚወድቀው ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ነው። ከስሩ ሰው ካለም ሰው ላይ። ሦስተኛው ያልታሰበው ነው፦ ለዘመናት ሲረጥብና ሲደርቅ የኖረ ድንጋይ በአንዴ ዝናብ ሲከለከል ከመጠን በላይ ደረቀ፣ ደርቆ መሰነጣጠቁንም ባለሙያዎች ጭምር ያነሱት ጉዳይ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ግን የጥገናው ጉዳይ ነው። ያንን ብረት የሚያውቅ፣ ብሎኑን የሚያጠብቅ፣ ሸራው ሲላላ የሚወጥር ሰው ከከተማው አልተዘጋጀም። ለዘመናት ቤተ ክርስቲያኑን ሲጠብቁ የኖሩት ካህናትና ዐቃቢዎች ጣራው ላይ ምንም ማድረግ አይችሉም። ቀና ብለው ማየት ብቻ። ንፋስ በበረታ ቁጥር ቀና እያሉ፣ እያማተቡ፣ ቅዳሴው ይቀጥላል። የራስህ ደብር ላይ የራስህ ያልሆነ ነገር ተተክሎ አለቅነቱ የማን እንደሆነ አለማወቅ ማለት ይሄ ነው።

በዙሪያው ያሉ ጎጆዎች

ከጣራው ጋር በአንድ ዘመን የሆነ ሌላ ነገር አለ፣ ሳይነሳ መቅረት የለበትም። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተጠጋግተው የነበሩ ቤቶች ነዋሪዎች በዓለም ባንክ ገንዘብ በተደገፈ የቱሪዝም ፕሮጀክት ከቦታው ተነስተው ወደተዘጋጀላቸው አዲስ ሰፈር ተዛወሩ። ከድንጋይ የተሠሩት ክቦቹ የላስታ ጎጆዎች፣ ፎቅ ያላቸውም ጭምር፣ የተወሰኑት ለቅርስነት ተብለው ቀሩ። ባዶአቸውን።

ምክንያቱ ነበረው። የቤት ፍሳሽ ወደ ዓለቱ ይገባ ነበር፣ መጸዳጃ ቤት ችግር ነበር። አልክድም። ግን እነዚያ ቤቶች ምን እንደነበሩ እንይ። የቄስ ቤት፣ የመነኩሴ ቤት፣ ሌሊት ደወል ሲደወል ነጠላዋን አጣፍታ በሁለት ደቂቃ ግቢው የምትደርስ አሮጊት ቤት። በገና ጊዜ እንግዳው መጀመሪያ የሚያንኳኳው እነሱን ነበር። ጠላውና ንፍሮው ከእነሱ ማጀት ነበር የሚወጣው። ቅዳሴው ከአልጋቸው ይሰማቸው ነበር። ከዚያ ሲነሱ ቤት ብቻ አይደለም የተነሳው። ጉልበቷ የደከመ እናት ሌሊት ሰዓታት ለመቆም ዳገት መውጣት አለባት አሁን። ሰንበቴውና ዕድሩም ሰፈር ነበር የሚያስተሳስረው፣ ሰፈሩ ሲበተን እነሱም ላሉ።

ስለ ጣራውም ስለ ሰፈሩም ውሳኔ የተሰጠው በአንድ ዓይን ነው። ያ ዓይን ላሊበላን ሲያይ የሚጠበቅ ድንጋይና የሚጎበኝ ቦታ ያያል። ጥፋት ነው አልልም፣ ቱሪስቱ ለከተማው እንጀራ ነው። ለዓመታት የውጭ ጎብኚ መግቢያ 50 ዶላር ነበር፣ ገቢውም የቤተ ክርስቲያኒቱ ነው፣ ካህናቱም አገልጋዩም ከዚያ ይተዳደራሉ። አስጎብኚው፣ ሆቴሉ፣ ጫማ ጠባቂው ልጅ ሁሉ በዚያ ይኖራል። ነገር ግን ጎብኚው የሚመጣው ሕያው ስለሆነ ነው። ባዶ ዓለትማ ሌላም አገር አለ።

ሰልፉና ከዚያ ወዲህ

ፍርሃቱ ሲጠራቀም ከርሞ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ፈነዳ። የላሊበላ ሕዝብ ካህናቱን ጨምሮ ሰልፍ ወጣ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ጣራው ሊወድቅብን ነው፣ መፍትሔ አምጡ። በኔ ግምት በዚያ ሰልፍ ላይ ትልቁ ነገር መነሻው ነው። ቅርስ ይጠበቅ ብሎ የጮኸው ባለሙያ ወይም ባለሥልጣን ሳይሆን አጥቢያው ነበር።

ጥያቄው ተሰማ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ላሊበላ ድረስ መጥተው አብያተ ክርስቲያናቱን አዩ፣ ፈረንሳይ ለጥገናው እንደምታግዝም ቃል ተገባ። የባለሙያዎች ጥናት፣ የአካባቢውን ሰው የማሠልጠን ሥራ ተጀመረ።

በጎን ሌላ ምሳሌ ደግሞ ነበር፣ ብዙ ያልተወራለት። ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን፣ ቀጥሎም ቤተ ጎልጎታና ቤተ ሚካኤልን ጠግኗል። እዚያ ከላይ ትልቅ ጣራ አልተደረገም። ስንጥቁ ተደፈነ፣ የጣሪያው የውሃ መንገድ ተስተካከለ፣ የከተማው ልጆች ሥራውን እየሠሩ ተማሩ። ጊዜ ይወስዳል፣ ክትትልም ይፈልጋል፣ በየጊዜው እየታየ መደፈን አለበት። ጉዳዩን ሳየው የምመርጠው ይህንን ነው፣ ሳላመነታ። ምክንያቱም ይህ ዓይነቱ ጥገና ደብሩ ራሱ ሊይዘው የሚችል ነው። የሠለጠነው ልጅ እዚያው ነው የሚኖረው። በሰኔ 12 በቅዱስ ላሊበላ ዕረፍት እዚያው ነው የሚያስቀድሰው። ክረምት ሲገባ ስንጥቅ ቢያይ ሮጦ ለአለቃው ይናገራል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፣ ለወራትም ቆየች፣ ከእጅ ወደ እጅም ተዘዋወረች። መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ የለም፣ ሰው የሚበላው አጣ። ካህናቱ ግን ቅዳሴውን አላቋረጡም። ይሄንን ሳስብ ልቤ ይሞላል። ጎብኚ በሌለበት፣ ካሜራ በሌለበት፣ ደመወዝ በሌለበት ሌሊት ተነስቶ ሰዓታት መቆም። ደብር ማለት ይሄ ነው። የታኅሣሥ 2014 ገና ሲደርስ ከተማዋ ገና በቅርቡ መለቀቋ ነበር፣ መንግሥትም ዲያስፖራውን ለበዓል ጠርቶ ስለነበር ከውጭ የመጣ ሰውም ነበረበት። ቤዛ ኩሉ ተዘመረ። እግርም ታጠበ፣ ካለችው ትንሽ እህል ላይ ንፍሮም ተቀቀለ።

ሰላሙ ግን ከዚያም ወዲህ አልጸናም፣ አካባቢው ሌላ ግጭት ገጥሞታል። ጎብኚ ሲቀር ገቢው ይቀራል፣ ገቢው ሲቀር ካህኑም ጥገናውም ይቸገራል። ጣራው በዚህ ሁሉ መሀል እዚያው ቆሟል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ነገ ይነሳ የሚል ሰው አለ። ስሜቱ ይገባኛል፣ ግን አልስማማም። ጣራው ተነስቶ ስንጥቁ ሳይደፈን አንድ ክረምት ቢያልፍ የደረቀው ድንጋይ ውሃውን እንደ ጉድ ነው የሚጠጣው። ለዘለዓለም ይቁም የሚለውም አያስኬድም፣ ብረት ያረጃል። መንገዱ ሦስተኛው ነው። መጀመሪያ የዓለቱ ጣሪያ እንደ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ይጠገን፣ ከዚያ መጠለያው አንድ በአንድ በጥንቃቄ ይውረድ። ባለሙያው ሙያውን ያምጣ፣ ገንዘብ ያለው ገንዘቡን። ነገር ግን ሰበካ ጉባኤው፣ ካህናቱ፣ የሰንበቴ ማኅበራቱ፣ ከሰፈሩ የተነሱት ሰዎችም ሳይቀሩ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። ተወስኖ ካለቀ በኋላ ለማስረዳት ተብሎ የሚጠራ ስብሰባ ምክክር አይባልም።

ለምን እንደሚያስፈልጉ አንድ ተጨባጭ ነገር ላንሳ። ብረቱን ማውረድ የሚቻለው በበጋ ነው፣ ዝናብ በሌለበት። በጋው ደግሞ የደብሩ ሥራ የሚበዛበት ነው። ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም አለች። ታኅሣሥ ገና ነው፣ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ከተማው ይሞላል። ጥር 3 አባ ሊባኖስ፣ ጥር 11 ጥምቀት። ቀጥሎ ዐቢይ ጾም፣ ሰሙነ ሕማማት፣ ፋሲካ። ክረምት ላይ እንኳ ሰው አይጠፋም፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለፍልሰታ ሱባዔ የሚገባው ግቢውን ይሞላዋል። በዚህ መሀል የቤተ ማርያም መጠለያ የሚወርድበትን ሳምንት ማግኘት የመሐንዲስ ሥራ አይደለም። ክሬን የት ይቆማል፣ ብረቱ ሲወርድ ታቦቱ እዚያው ይቆያል ወይስ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፣ ማን ያንሳው፣ በ21 የሚቆመው ማኅሌት የት ይቆማል፣ የመጣው ምእመን በየት በኩል ይገባል? እነዚህን የሚመልሱት የደብሩ አለቃና ካህናቱ ናቸው። ኅዳር 21 ካለፈ በኋላ ገና እስኪቃረብ ድረስ ሦስትና አራት ሳምንት ክፍት አለ፣ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሌላ ትንሽ። ከየትኛው ቤት እንደሚጀመር በእነዚያ ሳምንታት ልክ መታሰብ አለበት። እኔ ብጠየቅ ከአባ ሊባኖስ ይጀመር እላለሁ፤ ሕንጻው ትንሽ ነው፣ በዓሉ በዓመት አንዴ ጥር ላይ ነው፣ እዚያ የተማሩትን ይዘው ወደ ማርያም ይመጣሉ።